«ራሱ ይጫናል» ላላችሁን

ሊነክስን ከኮማንድ ላይን ራሱን በራሱ እንዲጭን አድርጉት ብሎ የመከረንን ሰው እግዜር ይይለት። ምክሩ ሲሰማ ይጣፍጣል። መልሱን ሁሉ አስቀድመህ አንድ ፋይል ላይ ትጽፋለህ፣ ማሽኑን በኔትወርክ ቡት ታደርጋለህ፣ ወጣ ብለህ ማኪያቶህን ትጠጣለህ፤ ስትመለስ ሰርቨሩ ተጭኖ፣ ስም ወጥቶለት፣ «ግባ» እያለ ይጠብቅሃል። እኛ ስንመለስ የምናገኘው ግን ሰማያዊ ስክሪን፣ መሃሉ ላይ ግራጫ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው። ከጥያቄው ሥር «አዎ» እና «አይ» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እሱ ነው የሚያውቀው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ2005 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራቸው፣ ሰርቨሩም ሌላ አያውቅም) ሳርጅ የተባለው የዴቢያን እትም አዲስ መጫኛ ይዞ ሲወጣ፣ ፕሪሲድ የሚባለው የመልስ ፋይልም አብሮ መጣ። መጫኛው የሚጠይቃት እያንዳንዷ ጥያቄ ስም አላት፤ አንተ ከስሟ ጎን መልሷን ትጽፋለህ፤ በቃ። ወረቀት ላይ ይህን የመሰለ ነገር የለም። እስቲ ግን ዲስኩን የሚከፋፍለውን ክፍል ብቻ ከፍታችሁ እዩት። ዲስኩ ላይ የድሮ ኤልቪኤም ባገኝ ላንሳው? አንሳው። የድሮ ሬይድስ? እሱንም አንሳ። አዲሱን ኤልቪኤም ልጻፍ? ጻፍ። የሚጠፋ ነገር ባይኖርስ፣ ያኔም ልጻፍ? ያኔም ጻፍ። አዲስ የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ላውጣ? አውጣ። ክፍፍሉን ጨርሰሃል? ጨርሻለሁ። እና ዲስኩ ላይ ላስፍረው? ኧረ አስፍረው! የሚጠፋ ነገር ባይኖርስ? ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተሰጥቶ፣ ድግሱ ተበልቶ፣ ሙሽሪት መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ «ለመሆኑ ልጅቷን ፈልገሃታል?» እንደማለት ነው። ከእነዚህ መስመሮች አንዷን ከዘለልክ ደግሞ ማሽኑ እዚያችው ላይ ተገትሮ ያድራል።

ጥንቃቄው ይገባናል። የተጠረገ ዲስክ አይመለስም፤ የሰው ዳታ ያጠፋ ሰውም እንቅልፍ የለውም። ግን እነዚያን መስመሮች አስቦ የሚጽፋቸው ማን አለ? ሁላችንም ዴቢያን ራሱ ከሚያወጣው የምሳሌ ፋይል ገልብጠን ነው የምንለጥፋቸው። ሳይነበብ የሚለጠፍ ማረጋገጫ ማንን ከምን እንደሚያድን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ከዚህ የባሰችም አለች። ፋይሉን በየፍላሹ ይዞ ከመዞር ኔትወርክ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል ይሉሃል፣ ታስቀምጣለህ። መጫኛው ፋይሉን ለማምጣት መጀመሪያ ኔትወርኩን ማዋቀር አለበት። ኔትወርኩን ሲያዋቅር የማሽኑን ስም ይጠይቃል። የማሽኑ ስም የተጻፈው የት ነው? ገና ያላመጣው ፋይል ውስጥ። ስለዚህ ስሙን፣ ዶሜኑን፣ «የቋንቋውን ጥያቄ ፋይሉ እስኪመጣ አቆይልኝ» የምትለዋን ቃል ሁሉ ቡት መስመሩ ላይ ትደረድራለህ፤ መስመሯም ከስክሪኑ ጫፍ አልፋ ትታጠፋለች። ይህን ሁሉ አልፎ ሥራው በሰላም ሲያልቅ «መጫኑ ተጠናቋል፣ ቀጥል በለኝ» ብሎ አንድ ጊዜ ደግሞ ይቆማል። እሷንም አስቀድሞ ዝም የሚያሰኛት መስመር አለ፤ መኖሩን የምናውቀው ግን ከቆመ በኋላ ነው።

እሺ፣ ለመድነው። ፋይላችንን አሽሞንሙነን ስንጨርስ ኡቡንቱ በ2020 ከ20.04 ጋር የሰርቨር መጫኛውን ለወጠና ፕሪሲድን አሰናበተው። አዲሱ የመልስ ፋይል በያምል ነው የሚጻፈው። ያምል ክፍት ቦታ የሚቆጠርበት አጻጻፍ ነው፤ አንዲት ስፔስ ወደ ቀኝ ከሸሸች ትርጉሙ ይለወጣል፣ ታብ ከነካህማ ጭራሽ አይቀበልህም። የመጀመሪያዋ መስመር በመሰላል ምልክት ጀምራ «ክላውድ ኮንፊግ» ካላለች ፋይሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ፋይሉ የት እንዳለ በምትነግርበት የቡት መስመር ውስጥ ደግሞ ሴሚኮለን አለች፤ ቡት ጫኚው ግራብ ሴሚኮለን ሲያይ ትእዛዙ ያለቀ ይመስለዋልና ከእሷ ወዲያ ያለውን ቆርጦ ይጥለዋል። ይህን ያወቀ ጥቅስ ውስጥ ያስገባታል። ያላወቀው ምንም ያልሆነውን ያምል ሲበረብር ያድራል።

ሁሉም ተስተካክሎ እንኳ በቡት መስመሩ ላይ «አውቶኢንስቶል» የምትለዋን ቃል ካልጨመርክ፣ ፋይሉን አግኝቶ፣ አንብቦ፣ ገብቶት፣ «በራሴ ልቀጥል? የስ ወይስ ኖ?» ይልሃል። በራስህ ቀጥል የሚል ፋይል ሰጥተኸው! የሰው ደም ግፊት እንዲህ ነው የሚጀምረው።

የሬድ ሃት ሰዎች በዚህ በኩል ይሻላሉ፣ እውነቱን ካልተናገርኩ ይከፋቸዋል። የመልስ ፋይላቸው ኪክስታርት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኪክስታርት ነው፤ ፋይሉም አጭር፣ ዓይን የሚይዘው ነው። ያሳረሩን በሌላ ነው። በነጻ የሚያወጡት ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 አለሁ ብሎ ስንቱ ቤት በእሱ ከሞላ በኋላ፣ በ2020 መጨረሻ ላይ «ከ2021 ወዲያ የለም» ተባለ። ምትኮቹ ሮኪና አልማ ባይደርሱ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ፋይላችን ምንም አልሆነም፤ የሚጫነው ነገር ነው እግር አውጥቶ የሄደው።

ፋይሉም ቢሆን ተቀምጦ አይቆይም። ዴቢያን 11 በ2021 ሲወጣ የደኅንነት ማሻሻያው የሚመጣበት አድራሻ አጻጻፉ ተቀየረ፤ የእትሙን ስም ብቻ ለውጦ የሮጠ ሁሉ መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ያረጁ እትሞች ከመደበኛው ሚረር ተነሥተው ወደ ማኅደር ይሄዳሉ፤ ትናንት የሠራው ስክሪፕት ዛሬ 404 ይልሃል። የኔትወርክ ካርዱ ድሮ ኢቲኤች ዜሮ ነበር፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ይይዘዋል። ከ2013 ወዲህ ሲስተምዲ እንደ ማሽኑ ማስገቢያ ቦታ ኢኤንፒ ሦስት ኤስ ዜሮ ዓይነት ስም ያወጣለታል። ምክንያት አለው፣ ካርዶቹ በየቡቱ ስም እንዳይለዋወጡ ነው። ለእኛ ግን ማሽን በተለወጠ ቁጥር ፋይል መለወጥ ሆነብን።

የዲስኩ ስም ለብቻው እሮሮ ይገባዋል። «ኤስዲኤን ጠርገህ ጫን» ብለህ ጽፈሃል። የአዲሱ ማሽን ዲስክ ግን ኤንቪኤምኢ ነው፣ ስሙም ሌላ ነው፤ በዚያ ማሽን ላይ ኤስዲኤ ማለት የሰካኸው ፍላሽ ነው። መጫኛው ታዛዥ ነውና የመጣበትን ፍላሽ ሊጠርግ ይነሣል። ያ ሁሉ ማረጋገጫ ይህን ጊዜ የት ነበር? አዎ አዎ ብለህ ዘግተኸው የለ።

መጫኛ የሚባል ነገር ዓይኑን አናይም ብለን የተውነውም አለን። ዴቡትስትራፕ ይባላል የምንሸሽበት፤ አንድ ትእዛዝ ናት፣ ባዶ ፓርቲሽን ላይ መነሻ ሲስተም ትዘረጋልሃለች፣ አንድም ጥያቄ አትጠይቅም። የምትሰጠውም ያንኑ ያህል ነው። ከርነል የለም፣ ግራብ የለም፣ ኤፍስታቡ ባዶ፣ የሩት ፓስወርድ የለም። ዴቭን፣ ፕሮክን፣ ሲስን አያይዘህ፣ በችሩት ገብተህ የጎደለውን አንድ በአንድ ታሟላለህ። እዚያ ውስጥ ሆነህ ፓኬጅ ስትጭን ቲዜድዴታ ብቅ ይልና በየትኛው አህጉር እንደምትኖር ይጠይቅሃል። ጥያቄ የሚያስቀር ቫሪያብል አለ፣ ታስቀምጥለታለህ፤ ዝም ይላል፣ ሰዓትህን ግን ዩቲሲ ላይ ጥሎት ነው ዝም የሚለው። ቫሪያብሉን ከሱዶ በፊት ጽፈኸው ከሆነ ሱዶ አራግፎ ይጥለዋል፣ ጥያቄውም ይመለሳል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ደግሞ ማሻሻያ በጫንክ ቁጥር የትኞቹ ሰርቪሶች ይነሡ የሚል ሐምራዊ ሳጥን ይመጣል፤ ስክሪፕትህ ከሱ ኋላ ቆሞ ይተክዛል።

ኤፍስታቡ ላይ ከአንዱ ፓርቲሽን ዩዩአይዲ አንዲት ፊደል ከጎደለች ቡት ሲል 90 ሰከንድ ይጠብቃታል። ስትቀርበት ወደ ድንገተኛው ሁኔታ ይገባል። እዚያ የሩት ፓስወርድ ያስፈልጋል፤ ሩትን ደግሞ ለጥንቃቄ ብለህ ቆልፈኸዋል። «ሩት ተቆልፏል፤ ለመቀጠል ኢንተር ተጫን» ይልሃል። ትጫናለህ። እዚያው ቦታ ይመልስሃል። ደግመህ ትጫናለህ።

ይህ እንግዲህ በየትም አገር ያለ ነው። እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን ጭማሪ አለ። የማስተማሪያ ላብ ማሽኖች አሮጌዎች ናቸው፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ ቆይቷል፤ ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታትን ይሸሻል። ሚረሩ ላይ ያለው ፋይል ትናንት የተፈረመ ነው፤ ማሽኑ ግን ገና ያልደረሰበት ቀን ስለሆነ «አልጸናም» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሌላ ነገር ሁሉ ሳይጀመር ሰዓት የሚያስተካክል መስመር ያስፈልጋል። ኢንተርኔቱ የጋራ ስለሆነ ላቡ ሁሉ በአንዴ ማውረድ ሲጀምር ፋይናንስ ክፍል ስልክ ይደውላል፤ እሱን በአፕት ካሸር ገላግለነዋል፣ አንዱ ያወረደውን ሌላው ከዚያው ይወስዳል።

መብራቱን ግን ማን ይገላግለን። ማሽኖቹ በኔትወርክ ቡት እንዲያደርጉ ባዮሱ ላይ ኔትወርክን አንደኛ አድርገናል። ተጭነው አለቁ፣ ተማሪዎች ገቡ፣ ሥራቸውን ጀመሩ። መብራት ሄደ፣ መጣ። ማሽኑ ተነሣ፣ ኔትወርኩን አየ፣ የመልስ ፋይሉን አገኘ፣ ያ ሁሉ «አዎ» ተጽፎለታል፣ ጠርጎ እንደ አዲስ ጫነ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሰው ሳይነካው፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ ከዳር እስከ ዳር ራሱን በራሱ የሚጭነው ያን ቀን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ላመስግን። ዴቢያን ለዚያ ጥቁር ኮንሶል ጎሃ የሚባል የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አስቀምጦልናል። ኮንሶሉ ከ512 ቅርጽ በላይ አይዝም፤ ፊደላችን ከነቤተሰቡ እዚያች ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የስህተት መልእክቱ እንግሊዝኛ ስለሆነ እስካሁን ያን ያህል አልጠቀመንም እንጂ።

ቢሮ ውስጥ ያለው እሮሮ ከማሽኑ አይተናነስም። አለቃ በሩ ላይ ቆመው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር በራሱ ይጫናል አላልከኝም?» ይላሉ። «አዎ ጋሼ፣ በራሱ ነው።» «ታዲያ አንተ እስካሁን እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይህን ጥያቄ የሚመልስ ፋይል የለም። የትርፍ ሰዓት ቅጽ ብትሞላ «የሠራው ማሽኑ አይደል?» ተብሎ ይመለሳል። በእጅ ብንጭነው ኖሮ በየማሽኑ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይታይልን ነበር፤ ፋይል ስትጽፍ ስትፈትን የዋለ ሰው ግን ከሩቅ ሲያዩት ስክሪን ላይ አፍጥጦ የተቀመጠ ነው።

ሁላችንም ያንኑ ፋይል ለየብቻችን ነው የምንጽፈው፤ አንዱ የጻፈው ሌላው ጋ አይደርስም። በቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ «የሚሠራ ፕሪሲድ ያለው ወንድም ቢልክልኝ» የሚል መልእክት የማይጠፋበት ሳምንት የለም። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እልካለሁ» ይባላል፤ ማታ የሚባለው ግን አይመጣም። ሰሞኑን አንድ ደግ ሰው ግን ላከ። ከፈትነው። ለዴቢያን 10 የተጻፈ ነው፣ ዲስኩ ኤስዲኤ፣ ካርዱ ኢቲኤች ዜሮ፣ ሚረሩ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ አድራሻ። ታች ወረድ ስትሉ የሩት ፓስወርዱ ሳይመሰጠር በግልጽ ተቀምጧል፤ የመሥሪያ ቤቱ ስምና የተመሠረተበት ዓመት ነው። እስከ ጠዋት ድረስ ሠላሳ ምናምን ሰው «እናመሰግናለን» ብሎ ነበር፤ ፓስወርዱን ቀይር ብሎ የጻፈለት ግን አላየሁም።