ስለ ወፍራሙና ዘመም ስላለው ፊደል ጠባይ

ቦልድም ኢታሊክም የሆነ ፊደል በጽሑፍ ቤተሰብ ውስጥ ቁጡው ልጅ ነው፤ ይህን ለማስረዳት ከትውልዱ መጀመር ግድ ይላል። በላቲኑ በኩል የዘር ሐረጉ ይታወቃል። ዘማሙን ፍራንቼስኮ ግሪፎ ቀርጾለት አልዱስ ማኑቲዩስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1501 ቬኒስ ላይ ሙሉ መጽሐፍ አተመበት፤ ወፍራሙ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ለማስታወቂያ ተብሎ ተወለደ። አንዱ ከጸሐፊ እጅ፣ ሌላው ከነጋዴ ጉሮሮ ወጥተው ኋላ ላይ ተጋቡ። የእኛው ግን ወላጅ የለውም። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው ፎንት አንድ ውፍረትና አንድ አቋቋም ብቻ ነው ያለው፤ ጸሐፊዋ ሁለቱን ቁልፎች ስትጫን ኮምፒዩተሩ ቀጥ ብሎ የተሳለውን ፊደል ያወፍርና ወደ ቀኝ ይገፈትረዋል። ግራ እግሩ ያጠረው «ላ» ሊወድቅ ይደርሳል፤ የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ይደፈንና «ቢ» ይመስላል።

አገልግሎቱን በተመለከተ የሠርግ ጥሪው፣ የምረቃ መጽሔቱና የሱቅ ታፔላው አያከራክሩም፤ ይለፉ። ምርምር የሚገባው የቢሮው ማሳሰቢያ፣ በተለይም ከእጅ መታጠቢያው በላይ የሚለጠፈው ነው። ይህ ዝርያ በእርከን ያድጋል። መጀመሪያ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ «እባክዎ ሻይ የጠጡበትን ብርጭቆ አጥበው ይመልሱ» ይላል። ብርጭቆው ሳይታጠብ ሲቀር «እባክዎ» ትወጣና «በጥብቅ እናሳስባለን» ትገባለች፤ እሷም ወፍራም ናት። በሦስተኛው እርከን ገጹ በሙሉ ወፍሮ ይዘምማል፣ ከሥሩ ይሰመርበታል፣ ሦስት ቃለ አጋኖ ይከተለዋል፤ አንቱታው ጠፍቶ «በማያጥቡ ሠራተኞች ላይ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል» ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው ፊደሉ በዘመመ ቁጥር ትሕትናው አብሮት እንደሚዘም ነው። አራተኛው እርከን ክብ ማኅተም ያረፈበት ነው፤ እዚያ ላይ ሳይንሱ ይቆማል፣ ጉዳዩም ወደ አስተዳደር ይመራል።

«ታዲያ ቁም ነገሩን በምን ለይተን እናሳይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቀይ ቀለም ነበራቸው። የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፉና ቀሪውን በጥቁር ይተዉታል፤ ፊደሉ አይወፍርም፣ አይዘምም፣ ዓይን ግን ሳይሳሳት ያገኘዋል። ኃይሉ ያለው በጥቂቱ መሆኑ ላይ ነው። ማሳሰቢያ ጻፊው ግን እያንዳንዱን ቃል ቅዱስ ስላደረገው አንባቢው የትኛውን እንደሚሳለም ግራ ይገባዋል፤ ግራ የገባው ሰው ደግሞ ብርጭቆውን አስቀምጦ ይሄዳል። በዚህ ላይ የሚቀርብ አንድ መከላከያ አለ፤ ባለ ቀለም ቶነር ውድ ነው ይባላል። ውድነቱ እውነት ነው። ሙሉ ገጽ ያወፈረ ሰው ግን ስለ ቶነር ቁጠባ የሚናገርበት አፍ የለውም።