ሲግናል በወጨጫ በኩል

ድሮ ራዲዮ ሲታመም መድኃኒቱ የታወቀ ነበር። በመጀመሪያ ጎኑን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ። ካልሰማ፣ ባትሪዎቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት። አሁንም እምቢ ካለ፣ አንቴናው ጫፍ ላይ የመዳብ ሽቦ ቀጥሎ ደጅ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር ማሰር። የመጨረሻው ሕክምና ሰው ነው፤ ከልጆች አንዱ አንቴናውን ጨብጦ ጥግ እንዲቆም ይታዘዛል። የቪኦኤንና የዶይቼ ቬሌን የአማርኛ ዜና ከፉጨትና ከጩኸት መሐል እየለቀምን ያደግን ሰዎች፣ «ንቅንቅ እንዳትል! እዚያው ቁም!» የሚል ትእዛዝ ያልተቀላቀለበት ዜና የሰማን አይመስለኝም።

አጭር ሞገድ ደግ ነበር፤ ሲለምኑት ይለመናል። የሳተላይት ራዲዮ እቤታችን የገባ ቀን ግን ይህ ሁሉ ሙያ ከንቱ ሆነ።

ወርልድስፔስ የተባለውን ይህን የሳተላይት ራዲዮ የማያስታውስ ወጣት ስለሚኖር ነገሩን ላስረዳ። ኩባንያውን የመሠረተው ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው ኖህ ሳማራ ነው። አፍሪካ በአንድ በኩል በኤድስ እየታመሰች በሌላ በኩል መረጃ ሲርባት አይቶ፣ ከሰማይ በቀጥታ ወደ ትንሽ ራዲዮ የሚወርድ ጥርት ያለ ድምፅ ቢኖርስ ብሎ ተነሣ። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጉያና በአሪያን 4 ሮኬት ተወነጨፈች። 21 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ከኮንጎ ደን አናት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተሰየመች። መቀበያዎቹን ሂታቺ፣ ሳንዮ፣ ጄቪሲና ፓናሶኒክ ሠሩ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ዋጋው ደግሞ ከሐሳቡም ይበልጥ ነበር። ለባላገሩ የታሰበው ራዲዮ ባላገሩ ጋ ሳይደርስ እንደኔ ያለው፣ ዱባይ ወንድም ያለው የከተማ ሰው ሳሎን ውስጥ ቀረ።

ዕቃው ሲያዩት ያምራል። አንቴናው እንደ ድሮዎቹ የሚመዘዝ ዘንግ ሳይሆን የመዳፍ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ ተነቅሎ በገመድ ራቅ ይላል። የራዲዮው ትንሽ መስኮት ላይ ሲግናል ሲኖር እየቆሙ የሚሄዱ ትንንሽ መስመሮች አሉ። እኛ ቤት ግን የቆመ መስመር አልነበረም። ድምፅ የሚባል የለም። ፉጨት እንኳ የለም። እንዲህ ያለው ራዲዮ ወይ ይናገራል ወይ አፉን ይዘጋል፤ ማንሾካሾክ አያውቅም። ቤተሰቡን ያስደነገጠውም ይሄ ነው። የሚያፏጭ ራዲዮ ተስፋ አለው፤ ዝም ያለን ራዲዮ ከየት ጀምረው ያክሙታል?

እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ «ዕቃ አዲስ ሲሆን ለጎረቤት አይታይም ብዬ ነበር» አሉ። ባለቤቴ መመሪያውን አንብብ አለችኝ፤ ቤታችን ውስጥ ዕቃ በተበላሸ ቁጥር ይህን ምክር ስትሰጠኝ ኖራለች። ትንሹ ልጃችን በድሮው ወግ ተጠርቶ አንቴናውን ጨበጠ፤ ይባስ ብሎ የሰው እጅ ለዚህ ሞገድ ግድግዳ ነውና ባዶው መስኮት ባዶ ሆኖ ቀረ። ራዲዮ ጠጋኙ ደግሞ መጥቶ ከላይ ከታች አገላብጦ አየና ክዳኑን ሳይከፍት «ይቺ አይሲ ናት» ብሎ ፈረደ። ጠጋኝ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ዕቃ ሁሉ በሽታው አይሲ ነው። አይሲውስ የት ይገኛል ብንለው፣ «እዚህ አገር የለም» አለን። ይሄም የታወቀ መልስ ነው።

በመጨረሻ ሻምበል መጡ። ሻምበል ጎረቤታችን ናቸው፤ በጦሩ የመገናኛ ክፍል ያገለገሉ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚገናኙት ያጡ ሰው። ኮምፓስ ይዘው ነው የመጡት።

«ሳተላይቷ በየት በኩል ናት?» አሉኝ።

«21 ዲግሪ ምሥራቅ ይላል።»

«በል እንግዲህ፤ እኛ ያለነው 38 ከምናምን ላይ ነው። ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። በወጨጫ ተራራ በኩል!»

አንቴናው ምዕራብ ወደሚያየው መስኮት ሄደ፤ ፊቱን ለወጨጫ ሰጠ። ምንም። ሻምበል በኮምፓሱ ደግመው ለኩ። ምንም። እዚህ ላይ ነው የአዲስ አበባ ሰው ጠባይ የታየኝ። ሁላችንም የቴሌቪዥን አንቴና ወደ ፉሪ ተራራ ማዞር የለመድን ሰዎች ነን። ጣቢያ ማለት ተራራ ላይ ያለ ነገር ነው፤ አንገቱን ሽቅብ ያቀና አልነበረም። ሻምበል ወረቀት አምጡ ብለው፣ ቡናው እስኪፈላ ሳይን ታንጀንት ሲሉ ቆይተው፣ «ጉድ!» አሉ። ሳተላይቷ ከአድማስ 67 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላለች። ቀጥ ብሎ ቆሞ ወጨጫን የሚያይ ሰው አያያትም፤ ባርኔጣው እስኪወድቅ ቀና ማለት አለበት።

አንቴናውን ወደ ኋላ አስተኙት። አሁንም ምንም። ሁላችንም በመስኮቱ አጮልቀን ሽቅብ አየን፤ ከአንቴናው በላይ የሚታየው ሰማይ ሳይሆን የጣሪያችን ክፈፍ ነበር። ቆርቆሮ! 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለ አንዳች እንቅፋት የመጣ ድምፅ፣ እኛ ደጅ ሲደርስ ከክንድ በማይበልጥ ቆርቆሮ ይመለስ ኖሯል። ሻምበል ይህን ሲያዩ በደስታ ጨበጡኝ። ጥፋተኛ ሲገኝ እኮ ዕቃው ባይሠራም ደስ ይላል።

አንቴናው ወደ ግቢው አጥር ወጣ። ድንጋይ ተደግፎ፣ ጀርባውን ለምሥራቅ ሰጥቶ፣ ሽቅብ እያየ ተጋደመ። የራዲዮው መስኮት ላይ አንድ መስመር ቆመ፤ ሁለት፤ ሦስት። ከዚያ የጃዝ ጣቢያው፣ ሪፍ፣ ሳሎናችን ውስጥ ሳክስፎኑን ለቀቀው። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የጠራ ድምፅ ከራዲዮ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቀጥሎ ማይስትሮ የተባለው የክላሲካል ጣቢያ ተከፈተ። እማማ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰሙና «ይሄ ሠርግ ነው ለቅሶ?» ብለው ጠየቁ። የአፍሪካ ሙዚቃው ንጎማ ሲመጣ ግን ትከሻቸው ነገረን።

ክረምት ሲገባ ለአንቴናው ፌስታል አለበስነው። ፌስታል ለዚህ ሞገድ እንደሌለ ነው፤ ያሳልፈዋል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ሻምበል «አሁን ይጠፋል» እያሉ ይጠብቁ ነበር፤ አልጠፋም። ሞገዱ 1.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ዝናብ ብዙም አያሸንፈውም። የቴሌቪዥን ዲሽን በዶፍ ጊዜ የሚያጠፋው በጣም ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ በመሆኑ ነው። ይህን ለሻምበል ባስረዳቸው «እናያለን» አሉኝ፤ ወታደር ዝናብን ቀላል ነገር ነው ብሎ አያምንም።

ከተፈራው ዝናብ ይልቅ የከዳን ፀሐዩ ነው። ሰማዩ ወለል ባለበት ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ራዲዮው ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። ባለቤቴ ሂሳብ ጠይቀው ይሆናል አለች፤ አንዳንዶቹ ጣቢያዎች ያለ ክፍያ መዘጋት ጀምረው ነበርና ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሻምበል በጠላት መታፈን ነው አሉ፤ የዱሮ ሙያቸው ነው። ሳተላይቷ ሰንበት ታከብራለች ያለም አልታጣ።

ከዕለታት ባንዱ ቅዳሜ ድምፁ ጥርቅም እንዳለ ወደ ደጅ ወጣሁ። አጥሩ ላይ የእማማ ጋቢ፣ ታጥቦ፣ ውሃው ገና እየተንጠባጠበ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል። አንቴናው ከነፌስታሉ ከሥሩ ነው። ሻምበልን ጠራኋቸው። እሳቸውም ዝም ብለው አይነኩትም፤ እኔን ራዲዮው ጋ አቁመው የጋቢውን ጥለት በሁለት ጣት ያዙና ከፍ አደረጉ።

«ስንት?» ብለው ጮኹ።

«ሦስት መስመር!»

ዝቅ አደረጉት። «አሁንስ?»

«ባዶ!»

አሁንም ከፍ፣ አሁንም ዝቅ። ጥጡ ሳይሆን የጠጣው ውሃ ነው ሞገዱን የሚውጠው፤ ከሰዓት ጋቢው ሲደርቅ ራዲዮው የሚናገረውም ለዚህ ነው። እማማ ወጥተው ይህን ሙከራ እያዩ ቆዩና፣ «እንዴ! ያንን ሁሉ ሰማይ አቋርጦ መጥቶ የኔን ጋቢ ይፈራል?» አሉ። ጋቢው ወደ ሌላኛው የአጥር ጎን እንዲዛወር ድርድር ተጀመረ። እማማ ያኛው ጎን ፀሐይ አያገኝም ብለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ የንጎማ ሰዓት ሲሆን ለእሳቸው እንዲከፈት ስንስማማ ፈረሙ ማለት ይቻላል።

ሰላሙ ዓመታት ቆየ። ከዚያ በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ የኪሳራ ጥበቃ መጠየቁ ተሰማ፤ ጣቢያዎቹም እያደር መመናመን ያዙ። ዕቃው አጭር ሞገድና ኤፍኤምም ስለሚይዝ ጨርሶ ዲዳ አልሆነም፤ ኤፍኤም አዲስ 97.1ን ያለ አንቴና፣ ያለ ኮምፓስ ያሰማናል። ሰማያዊው ድምፅ ጠቅልሎ የጠፋው በአንድ ተራ የሥራ ቀን ነው። መስመሮቹ ድርግም ሲሉ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት፣ እማማ ከጓዳ ሆነው «ዛሬ እኔ አላጠብኩም!» ብለው ጮኹ።