ምብዋ ካሊ

የግቢያችን በር ላይ «ምብዋ ካሊ» የሚል ተጽፏል። በስዋሂሊ «ኃይለኛ ውሻ» ማለት ነው። ግሥ የለው፣ «አትግባ» አይል፤ አንድ ስምና አንድ ቅጽል ብቻ። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ ከያያ ሴንተር እስከ ሌናና መንገድ ፎቅ ያልዋጣቸው ጥቂት ግቢዎች በር ላይ ይኸው ጽሑፍ አይጠፋም። አንብቦ «ለካ ውሻቸው ኃይለኛ ነው» ብሎ መረጃውን ይዞ የሚሄድ ግን አላየሁም፤ ሁሉም እጁን ከበሩ ያነሣል። የእኛ ግቢ ውሻ የለውም። የሞተው እኔ ከመከራየቴ በፊት ነው። ጽሑፉን ግን አከራያችን ቀለም ያስቀቡታል፤ ከውሻው ይልቅ የእሱ ቀለብ ይረክሳል።

ማዶ ያለው ባዶ ቦታ አጥር ደግሞ በትልልቁ «ይህ መሬት አይሸጥም» ይላል። ናይሮቢ ውስጥ በሐሰተኛ ካርታ የሰው መሬት የሚሸጥ ስላለ ባለቤቱ አጥሩን ያናግራል። እኔ እንግዳው ግን መጀመሪያ ሳነብ፣ ያልተጻፈበት ሁሉ የሚሸጥ መስሎኝ ነበር።

ጆን ኦስቲን የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1955 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ አስተምሯል። ነገር የሚገልጽ ቃልና ሥራ የሚሠራ ቃል ብሎ ለሁለት ከፍሎ ጀመረ፤ ወሰኑ አልያዝ ብሎት ጨረሰ። አንድ ምሽት ሐበሻ ቤት ቡና ቢጠጣ ኖሮ ነገሩ ባጠረለት።

የእኛ ነገር የባሰ ነዋ! ትእዛዙን ወሬ አስመስለን እንናገራለን፤ «እንብላ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ «እየበላሁ ነው» ከማለት አያልፍም። አገር ቤት ይሄ ችግር የለውም። ኪሊማኒ ላይ ግን ሰው የተባለውን ይሰማል።

ባለፈው አንድ ኬንያዊ የሥራ ባልደረባዬን እራት ጠራሁት። ሲመሽ «ሦስት ሰዓት ሆነ» አልኩት። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋትና ከምሽት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሳይዛነፍ ደረሰው። የእጅ ሰዓቱን አየና «ልክ ነህ፣ ሳ ታቱ» ብሎ ሶፋው ላይ ተመቻቸ። «ነገ ሥራ አለብኝ» አልኩ። «እኔም» አለ። ባለቤቴ ሦስተኛውን ስኒ እያቀረበች «እንግዲህ ይሄ በረካ ነው» አለችው። አመሰገነና አራተኛ ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። የሄደው አምስት ሰዓት ላይ ነው፣ ያውም ዘበኛው በሩን ሊቆልፍ መሆኑን ሲነግረው።

ዘበኛውም ቢሆን የዋዛ አይደለም። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ሽሮዬን ይዤ ሳለሁ ሲያልፍ «እንብላ» አልኩት፣ አፌ ለምዶብኝ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በቅንነት ተረጎምኩለት። እጁን ታጥቦ መጣ። አሁን ቃሉን ከእኔ አሳምሮ ይለዋል፤ ሽሮው ሲንተከተክ ከበሩ ሆኖ «እንብላ!» ሲል እሰማዋለሁ።

ኪሊማኒ የምትመጡ ወዳጆቼ፣ በሩ ላይ ያለውን ተዉት፤ አንኳኩና ግቡ፣ ውሻ የለም። «እንብላ» ካልኳችሁ ግን እንደ ወጉ «ይባርክ» ብላችሁ እለፉ፤ የእናንተን ድርሻ ዘበኛው ወስዶታል።