የተሽሞነሞነችው ላንድክሩዘር በአፋር መንገድ

የድሮ መኪና ማሳመር የሚወድ ሰው ሁሉ ወዳጄ ነው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ በፈረንጆች 1980 የተሠራች ኤች ጄ 47 ላንድክሩዘር ፒክአፑን አሠርቶ፣ ሰመራ ላይ የሚያገባ ጓደኛውን ሊያጅብባት ሲነሣ፣ ካልሄድኩ ብዬ አብሬው ተሳፈርኩ።

እነዚያን ባለ ክብ መብራት ቶዮታዎች የማያውቅ የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። የእርዳታ እህል ሲጭኑ፣ የወባ መከላከያ ሠራተኞችን ሲያመላልሱ እያየናቸው ነው ያደግነው። ምርታቸው የተቋረጠው በፈረንጆች 1984 ነው፤ ዛሬም ግን ይፈለጋሉ። ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት ኪስ ያራቁታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። እዚሁ ያለው አሮጌ ብረት እንደገና ነፍስ ቢዘራ ምን ይገርማል?

አንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ የሠራላት ሥራ ለዓይን ያምራል። ዝገት የበላው ወለል ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ፤ ስፖንዳው እንደ መስተዋት ፊት እስኪያሳይ ተቀባ። ባለ 4 ሊትሩ 2ኤች ሞተር ወጥቶ ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤች ዜድ ገባ። ባሌስትራው ተቀንሶ መኪናዋ ዝቅ አለች። በ7.50-16 ጎማዋ ፋንታ ባለ 20 ቸርኬ ከስስ ጎማ ጋር ተገጠመ፤ ኤሲም ተጨመረላት። ከድሮው ዕቃ የቀረው አንድ ትርፍ ጎማ ብቻ ነበር፤ እሱም ኋላ ተጭኗል።

እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ማለትም 225 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንደ ልብ ነዳናት። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ቁልቁል ነው። አዋሽ 1000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰመራ ከ500 በታች ትወርዳለች። ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ፍጥነት ስንይዝ ጌጁ ይረጋል፤ ከጂቡቲ ጭነት መኪኖች ኋላ ስንንቀራፈፍ ወይም ግመሎች መንገድ ሲዘጉብን ወደ ቀዩ ይወጣል። ኤሲውን አጠፋን፤ መስኮት ከፈትን። ገዋኔን አልፈን የአየሉ ተራራ ከኋላችን እንደቀረ የራዲያተሩ ማኒኮቶ ፈንድቶ ውኃው አስፋልቱ ላይ ተንዠቀዠቀ።

ከፕሮሶፒስ ቁጥቋጦው መሐል አንድ አዛውንት ጀሪካን ካንጠለጠለ ልጅ ጋር ብቅ አሉ። ውኃ ከመስጠታቸው በፊት ዳጉ ተቀመጥን። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ የሰማውንና ያየውን ሳይለዋወጥ አይላቀቅም። ከየት እንደመጣን፣ ዝናብ የት እንዳየን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በልጁ አስተርጓሚነት አንድ በአንድ ጠየቁን፤ የኛንም ጉድ አዳመጡ። ከዚያ ጀሪካኑን ሰጡን፤ ገንዘብ ብንዘረጋ አልተቀበሉም። የተረፈውን ማኒኮቶ ቆርጠን መልሰን አሠርነው።

ሚሌ ስንደርስ የፊት ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ጎኑ ተተረተረ። እዚያ ያለው ጎማ የከባድ መኪና ነው፤ ባለ 20 ስስ ጎማ ማን ይዞ ይጠብቀናል? ያ የድሮው 16 ተገጠመ፤ መኪናዋም እያዘመመች በዝግታ ሎግያ ገባች።

ሎግያ የሾፌሮችና የሜካኒኮች ከተማ ናት። በዕድሜ የገፉ አንድ ሜካኒክ ገና ሳንናገር «ከገዋኔ ወዲህ የጋለችባችሁ እናንተ ናችሁ?» አሉን። ዳጉው ቀድሞን ደርሷል። ኮፈኑን ከፍተው እጃቸውን ከማራገቢያው ጎን ሰደዱና «ሽፋኑስ?» ብለው ጠየቁ።

በራዲያተሩና በማራገቢያው መካከል ያለውን ክብ ሽፋን ማለታቸው ነበር። አዲሱ ሞተር በአሮጌው ቦታ ልክ ስላልተቀመጠ ጋራዡ አውጥቶ ጥሎታል። «ልጄ፣ ይሄ ማራገቢያ የሚስበው መልሶ የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። ስትሮጥ ነፋሱ ያድንሃል፤ ስትቆም ማን ያድንሃል?» አሉት የአክስቴን ልጅ። በዚያ ላይ የኤሲው ኮንዴንሰር ከፊት ሆኖ ሙቀቱን ራዲያተሩ ላይ ይደፋበታል። ከዘይት በርሜል ቆርቆሮ ቆርጠው፣ ጠቅልለው፣ በልኩ ሠሩላት። የመኪናዋ ዋና ሥራ የተሠራው ያን ሌሊት ነው እላለሁ፤ ቀለሙንና ቸርኬውን ሁሉ ጨምሬ።

አጀቡ አምልጦናል። በማግስቱ ግን ሰመራን አቋርጠን እስከ አሳይታ በቀትር ነዳናት፤ ጌጁ ከመሐል አልተነቃነቀም።

አሮጌ ላንድክሩዘር የምታሠሩ ወንድሞቼ፣ አሳምሯት፣ ደግ አደረጋችሁ። ሞተር ስትቀይሩ ግን የማራገቢያውን ሽፋን በአዲሱ ልክ ሳታሠሩ ከጋራዥ አትውጡ፤ ወደ አፋር የምትወርዱ ከሆነም 16ቱን ጎማ አትሽጡ።