ስድስት በርነር ለአንድ መጥበሻ

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የገዛ አበሻ፣ የመጀመሪያው ግንቦት ሲገባ ጓሮው ባዶ ሆኖ ይታየዋል። ሣሩ አለ፣ አጥሩ አለ፣ የልጆቹ ብስክሌት ወድቋል፤ ግን አንድ ነገር ይጎድላል። ቅዳሜ ከሰዓት ፈረንጁ ጎረቤት ክዳን ከፍቶ ጭሱን ሲለቅቀው ምን እንደጎደለ ይገለጥለታል። ሜሞሪያል ዴይ ደርሷል፣ ሱቆቹ ዋጋ ቀንሰዋል፣ የጋዝ ግሪሎቹም በር ላይ እንደ ሙሽራ መኪና ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። ለሳሎን መጋረጃ ሦስት ጊዜ ሚስቱን ያማከረ አባወራ፣ ወደዚህ ግዢ ብቻውን ይሄዳል።

ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቀዋል፦ ስንት በርነር አለው? ስንት ቢቲዩ ነው? ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚበላ፣ ምን እንደሚበላ የሚጠይቅ የለም። አራት ሰው ላለበት ቤት ስድስት በርነር ይመረጣል፤ ምክንያቱም ባለሦስቱ የጓደኛው ቤት አለ።

ቢቲዩ የሚባለው ነገር ግሪሉ በሰዓት የሚጨርሰው የጋዝ ጉልበት ነው። ሥጋው ላይ የሚያርፈው ሙቀት ሌላ ጉዳይ ነው። ሰፊ ግሪል ቁጥሩ ትልቅ ቢሆን ሙቀቱም በዚያው ልክ ይበተናል። ቁጥሩን ለፍርግርጉ ስፋት ሲያካፍሉት ለአንድ ስኩዌር ኢንች ከ80 እስከ 100 ከደረሰ በቂ ነው። ግን ማን ያካፍላል? 60,000 የሚል ቁጥር በጽዋ ማኅበር ላይ ሲነገር ያምራል፤ ሲካፈል ግርማው ይወርዳል። «አይዝጌ ብረት ነው» የሚለውንም ማንም አይመረምርም። ኪስ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይዞ መሄድ ይበቃ ነበር። ብዙውን ጊዜ ማግኔት የሚይዘው ርካሹ ዓይነት ነው፤ ዝናብና በረዶ ሲፈራረቅበት ቶሎ የሚዝገው እሱ ነው።

ዕቃው ቤት ደርሶ ይገጣጠማል፤ ጥቂት ብሎኖች ይተርፋሉ። «መጠባበቂያ ነው» ይባላል።

ዋናው ትርኢት የግብዣው ቀን ነው። እንግዳ ሞልቷል፤ አባወራው ሽርጥ ታጥቋል። በዕድሜው ወጥ አማስሎ የማያውቅ ሰው፣ እሳቱ ከቤት ከወጣ ማብሰል የወንድ ሥራ ይሆንለታል። የጋዙን ሲሊንደር በአንድ ትንፋሽ ጠምዝዞ ይከፍታል፤ እሳቱ ግን ጭል ጭል ብቻ ይላል። ያን ጊዜ የባለሙያዎች ጉባኤ ይሰየማል። አንዱ ግሪሉን ይነቀንቃል፣ አንዱ «ጋዙ ውኃ ገብቶበታል» ይላል፣ አንዱ ዩቲዩብ ይከፍታል። ነገሩ ይህን ያህል አልነበረም፤ ሲሊንደሩ በድንገት ሲከፈት መቆጣጠሪያው ቱቦው የተበጠሰ መስሎት ጋዙን ያንቀዋል። ሁሉንም ዘግቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ሲሊንደሩን ቀስ ብሎ መክፈት ነው። ቀስ ማለት ግን ሃያ እንግዳ እያየ አይሆንም።

ሲሊንደሩም የራሱ ቀልድ አለው። ባለ 20 ፓውንድ ይባላል እንጂ፣ ሱቅ ባዶውን ሰጥተው የሚለውጡት ብዙ ጊዜ 15 ያህል ብቻ ነው የሚሞላው። 60,000ው ሁሉ ከተከፈተ አምስት ሰዓት ገደማ ይቆያል። ጎኑ ላይ የሞቀ ውኃ አፍስሶ በእጅ ቢዳስሱት የቀዘቀዘው ቦታ ጋዙ የት ድረስ እንዳለ ይናገራል። ይህ የሚታወሰው ዶሮው ግማሽ ሲበስል እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

ከዚያ ሥጋው ይመጣል። ሚስት ከሐሙስ ጀምራ ከትፋ፣ አሽታ፣ በአዋዜ ለውሳ ያስቀመጠችው ነው፤ ግን የጥብስ ሥጋ ሆኖ በትንንሹ ተከትፏል። ፍርግርጉ ላይ ሲበተን ሲሶው ወደ እሳቱ ይወርዳል፣ ስቡ ይነዳል፣ ነበልባሉ ሽርጡን ያያል። ዝልዝል ቢሆን ኖሮ ለዚህ እሳት የተፈጠረ ነበር። አሁን ግን «መጥበሻ አምጪልኝ!» ይባልና መጥበሻው ፍርግርጉ ላይ ይጣዳል። ስድስት በርነር አንድ መጥበሻ ያሞቃል።

ክዳኑም አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ1952 ጆርጅ ስቲቨን የተባለ የቺካጎ አካባቢ ብረት ሠራተኛ የባሕር ምልክት የሚሠራበትን ድቡልቡል ብረት ለሁለት ከፍሎ ባለ ክዳን የከሰል ግሪል የሠራው ነፋስና ዝናብ ቢያስቸግሩት ነበር። የእኛ ሰው ግን ክዳኑን በየደቂቃው እየከፈተ ሙቀቱን ለሰፈሩ ያድላል፤ «ልየው እስቲ» ይላል። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ገና ነው?» ይላሉ።

ሲደርስም ሌላ ችግር አለ። ትናንት ጥሬ ክትፎ ያለ ፍርሃት የዋጠ እንግዳ፣ ከግሪል የወጣ ሥጋ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀይ ካየ «አልበሰለም» ብሎ ይመልሰዋል። በዶሮ ቢሆን ልክ ነው፤ ዶሮ ውስጡ 165 ፋረንሃይት መድረስ አለበት፣ ለዚህም ቴርሞሜትር አለ። አባወራው ቴርሞሜትሩን ከሳጥኑ አላወጣውም፤ በሹካ ወግቶ ይፈርዳል። በመጨረሻ ሁሉም «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። እንጀራውን፣ አይቡን፣ ቃሪያውንና የትሪውን እጥበት የያዘችው ሴት ቆማ ትሰማለች።

እኔን ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። የአሜሪካ ትልቁ የግሪል ቀን ጁላይ 4 ነው፤ ያ ማለት ሰኔ 27፣ በየዓመቱ በሰኔ ጾም ውስጥ የሚውል ቀን። «እሱ የቄስ ጾም ነው» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ፍልሰታን ግን እንዲህ ብሎ የሚዘል የለም፤ ሕፃናት እንኳ ይጾሙታል። የሰኔ ጾም በሐምሌ 5 ተፈትቶ ነሐሴ 1 ፍልሰታ እስኪገባ አራት ሳምንት አይሞላም፤ ከዚያም ላይ ረቡዕና ዓርብ ይቀነሳል። ለዚህች ጊዜ ነው ስድስት በርነር።

ስለዚህ ሦስት በርነር ለቤተሰብም ለግብዣም ይበቃል፤ አንዱን ወገን አግሎ ሌላውን አብርዶ ለማብሰልም አይጠብም። በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ሲሊንደርና በፍርግርጉ ላይ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ምጣድ ይገዛ። ሻጩ ግን ከሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት በጎን ስላለችው ትንሽ ምድጃ ነው። በነሐሴ የምትሠራው እሷ ብቻ ናት፤ ቤቱ ሽንኩርት ሳይሸት ሽሮ የሚንተከተከው በእሷ ላይ ነው። አንዳንዷ ጠባብ ናት፣ ክዳኗ ይጋፋል። ሱቅ ስትሄዱ የሽሮውን ድስት ይዛችሁ ሂዱና ለኩ፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።