ከፍራሽ እስከ ምድጃ፦ ስለ ወንደላጤና ሽሮ የተደረገ አጭር ጥናት

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ከፍራሽ እስከ ምድጃ አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ይህን ርቀት ከሥራ መልስ አቋርጦ ሽሮ የሚጥድ ወንደላጤ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ነገሩ እስከ ዛሬ «ስንፍና» እየተባለ ታልፏል። ስንፍና የጎረቤት ቃል ስለሆነ ይህ ጥናት «የተነሳሽነት እጥረት» በሚለው ተክቶታል።

ናሙናው አንድ ሰው ነው። ሠላሳን ተሻግሯል፣ ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ ዘልቆ አያውቅም። ከፎቁ ሥር ያለው ምግብ ቤት አስተናጋጅ ስታየው «እንደተለመደው?» ትለዋለች። እንደተለመደው ማለት ተጋቢኖ ነው። ልብ ይባልልን፦ ሰውየው ሽሮ ሰልችቶት አይደለም። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ሽሮ ትቶ ሦስት ፎቅ ወርዶ ሽሮ ይገዛል።

ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው እንደዋዛ የሚታይ አይደለም። እናቱ ሽምብራውን ለቅመው፣ አምሰው፣ ከክተው፣ አበጥረው፤ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ኮረሪማውን፣ በሶብላውን መጥነው፤ ፀሐይ አስመትተው፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ጠብቀው አስፈጭተው፣ በባለ ክዳን ባልዲ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ የላኩለት ምጥን ሽሮ ነው። ለልጅየው የቀረው ሽንኩርት መክተፍ፣ ማቁላላትና ማማሰል ብቻ ነው። እህሉ ታምሶ ስለተፈጨ እንደ ክክ ወጥ አያስጠብቅም። ከ100 ግራም ሽምብራ 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ኢትዮጵያም በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በጾም በዘይት፣ በፍስክ በቅቤ ስለሚሠራ ረቡዕና ዓርብም ማምለጫ አይሆኑም። ሽሮ ሰበብ ለማሳጣት የተፈለሰፈ ይመስላል።

ናሙናው ግን ሰበብ አላጣም። ሽንኩርት የለም ይላል፤ ሽንኩርቱ ሲገኝ ዘይቱ ያልቃል፤ ሁለቱም ሲሟሉ መብራት ይጠፋል። መብራት መጥፋቱን ጥናቱ አይክድም። ይሁንና መብራቱ ሲመለስ ሰውየው ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ቴሌቪዥኑ መሆኑ ተመዝግቧል።

ከሁሉ የሚጠነክረው ሰበቡ ከፊዚክስ የተቀዳ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ውሃው እንኳ 100 ለመድረስ ተነሳሽነት ባጣበት ከተማ ከሰው ምን ይጠበቃል? ናሙናው ይህን ሲናገር ጋደም ብሎ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ምሽት ግን ተነሣ። ምክንያቱ ከወሩ መጨረሻ ጋር ይያያዛል። ሽንኩርቱን አቁላልቶ፣ ውሃው ሲንተከተክ ሽሮውን ከነጭልፋው ዘረገፈው። ጓጎለ። ዱቄት በፈላ ውሃ ላይ በአንዴ ሲወርድ ላዩ ወዲያው በስሎ ስለሚጣበቅ ውሃው ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ቀስ እያሉ እየነሰነሱ ማማሰል ወይም ቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ ያስፈልጋል። አንዱን ጓል በማንኪያ ለሁለት ሲከፍለው ውጩ ወጥ ሆኗል፤ ውስጡ ገና ከአገር ቤት አልተነሣም።

እናቱ ጋ ደወለና ስልኩን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። ጥቂት አዳመጡ።

«ቀጥኗል» አሉ፤ «ድምፁ ውሃ ውሃ ይላል። ትንሽ ነስንስበት፣ እጅህን ከማማሰያው አታንሣ!»

ነሰነሰ። መንተክተኩ ከብዶ «ትክ፣ ትክ» ማለት ሲጀምር «አሁን አውጣው» አሉት። እንዲህ ያለ የርቀት ምርመራ የሚያደርግ መሣሪያ ጥናቱ ሌላ ቦታ አላገኘም። ናሙናው በትናንት እንጀራ ከድስቱ በላ፤ ጓሎቹን ሳይቀር። ድስቱን ይራስ ብሎ ውሃ ሞልቶበት እስከ ዓርብ ራሰ።

ስልኩ ሳይዘጋ እናቱ «ሽሮው እንዴት ነው፣ አላለቀም?» ብለው ነበር። ባልዲው አንድ ጭልፋ ብቻ መጉደሉን መናገር ስላፈረ «እያለቀ ነው እማዬ» አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሽሮ መጣ። ይሄኛው በፌስታል ነበር፤ መንገድ ላይም ተቀዷል። ባልዲው ሙሉ ነው። ሰውየው ቤቱን ቢያስስ ባዶ ሆኖ ያገኘው ዕቃ ከዓርብ ወዲህ ታጥቦ የተደፋው ድስት ብቻ ስለሆነ እዚያው ገለበጠው። ማታ አስተናጋጇ «እንደተለመደው?» ስትለው ድስቱ እንደተያዘበት ነገራት። እስካሁን ካቀረባቸው ሰበቦች በማስረጃ የተደገፈው ይህ ብቻ ነው።