አፈሩ ደረሰኝ አለው?

ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት በገዛ ጥፋቴ ነው፤ የወላጆች ስብሰባ ላይ አርፍጄ ደረስኩ። በአገራችን ስብሰባ አርፍዶ የመጣ ሰው ዕጣው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ወንበር ያጣል፣ ወይ ይመረጣል። እኔ ሁለቱም ደረሰኝ። በሩን ገፋ አድርጌ አንገቴን ሳስገባ ሰብሳቢው «ይኸው እሳቸውም መጡልን!» አሉ፤ ቤቱ አጨበጨበ፤ እኔም ለምን እንደተጨበጨበልኝ ሳላውቅ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። የልጄ መዋዕለ ሕፃናት የሥዕል ቀን አዘጋጅ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆንኩ። ወንበሩ ግን አሁንም አልተገኘም።

ነገሩ ቀላል ነበር። የኬጂ አንድና የኬጂ ሁለት ልጆች አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ በቀለም ይጫወቱ፤ አለቀ። ሐሳቡን ያመጣችው ቲቸራቸው ናት፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራው ቁጭ አለች። እኛ ሰባት ኮሚቴዎች ደግሞ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ለመተንተን ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

የመጀመሪያው ሳምንት በስያሜ አለቀ። «የሥዕል ቀን» ለባነር አያንስም ወይ ተባለ። ሰባት ቃላት ያሉት ስም አወጣንለት፤ ባነሩ ላይ ሲለካ ግን ለቀኑ ቁጥር ቦታ ጠፋ። ሁለተኛው ሳምንት በቦታ መረጣ ሄደ። አንዱ አባል የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ይሁን ብለው ተከራከሩ። ጂንካን ለማያውቅ ሰው፣ የድሮው ማረፊያችን ከተማው መሐል የተዘረጋ ሣር ነበር፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብት የሚባረርበት፣ አውሮፕላን በሌለበት ቀን ኳስ የሚጠለዝበት። «ሕዝብ እንዲያይ ነው» አሉ ሰውየው። ቲቸር «የአራት ዓመት ልጅ ሜዳ ላይ ከለቀቅሁ በኋላ ማን ሰብስቦ ያመጣልኛል?» አለች። ሰውየው ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም አሉ።

ከሁሉ የማፍርበት የልምድ ልውውጡ ነው። ከተማውን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል አለ፤ እዚያ ወጥተን ስለ ሥነ ጥበብ ልምድ እንቅሰም ተባለ። መልካም። ከዚያ አበል ተጠየቀ። ከበራችን የሚታይ ኮረብታ ነው! ቃለ ጉባኤው ላይ «የመስክ ጉዞ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ እጄ እንዴት እንዳልተንቀጠቀጠ እስካሁን ይገርመኛል። አበሉ አልተፈቀደም፤ ልምዱም ሳይቀሰም ቀረ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ቀለሙ ደረስን። መጀመሪያ የሄድኩት የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ነው። ባለሱቁ ቀይ የዘይት ቀለም በቆርቆሮ አውጥቶ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈነቀለው። ሽታው አናቴ ላይ ወጣ።

«ለሕፃናት ነው» አልኩት።

«ይሄ ለበርም ለመስኮትም ይሆናል፤ ለሕፃን እንዴት አይሆንም?»

እርሳስ የተባለው ማዕድን ቀለም ውስጥ ሲገባ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ፣ የእኛም አገር በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ መወሰኑን አስረዳሁት። ባለሱቁ በትዕግሥት ሰማኝና «ታዲያ ልጆቹ ሊበሉት ነው እንዴ?» አለ። ነገሩን ካሰብኩት፣ አዎ፣ ሊበሉት ነው። የአራት ዓመት ልጅ በምድር ላይ የሚያደርገውን ነገር ሁሉ በአፉ ነው የሚጀምረው።

በውኃ የሚበጠበጠው የልጆች ቀለም ጂንካ ውስጥ ተፈልጎ በቂ ሊገኝ አልቻለም። ገንዘብ ያዣችን ሦስት ፕሮፎርማ ካልቀረበ ሳንቲም አልሰጥም አሉ። ሦስት ፕሮፎርማ ለማግኘት ቀለሙ ያለባቸው ሦስት ሱቆች ያስፈልጋሉ፤ ያለው ደግሞ አንድ ሱቅ፣ እሱም ጋ ያለው ሰማያዊ ብቻ። ስለዚህ አርባ ምንጭ ይታዘዝ ተባለ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ የሚሄድ ሹፌር ተገኘ፣ ዝርዝሩም ተጻፈለት። ዝርዝሩ ላይ ለልብስ ማጠቢያ «ኦሞ፣ 2 ኪሎ» የሚል ስለነበረ ገንዘብ ያዡ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የኦሞ ሰዎች ሆነን ኦሞ እንገዛለን?» ብለው ለብቻቸው ሳቁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሹፌሩን ለመሸኘት ቲቸር ቤት ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ እናቷ ከጓዳ ወጡ። እማማ የአሪ ገጠር ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ከርመዋል።

«መኪናው የት ነው የሚሄደው?» አሉ።

«አርባ ምንጭ።»

«በየት አድርጎ?»

«በቀይ አፈር በኩል ነዋ፣ እማማ።»

«ምን ሊያመጣ?»

ማንም አልመለሰም። ሰብሳቢው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ገንዘብ ያዡ ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ ሹፌሩ፣ አበል የማይነካው የዋህ ሰው፣ «ቀይ ቀለም» አለ።

እማማ የሳቁትን ሳቅ ልጽፈው አልችልም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ቀይ አፈር ከጂንካ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። እኔ ለዓመታት በተመላለስኩ ቁጥር ስሟን በታርጋ ላይ እንዳለ ቁጥር ነበር የማነበው፤ ቀይም አፈርም ሆና ታይታኝ አታውቅም። ሐመሮች ቀዩን አፈር ከቅቤ ጋር ለውሰው ፀጉራቸውን የሚሠሩበት፣ ካሮዎች ከኦሞ ወንዝ ዳር ነጩን፣ ቢጫውን፣ ቀዩንና ከሰሉን ይዘው ገላቸውን ሸራ የሚያደርጉበት፣ የአሪ እናቶች የቤታቸውን ግድግዳ በጣታቸው በአፈር ቀለም የሚያስጌጡበት አገር ላይ ተቀምጠን ፕሮፎርማ እንሰበስባለን። ድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ተመራማሪዎች የ40,000 ዓመት ዕድሜ ያለው ቀይ የቀለም ድንጋይ አግኝተዋል፤ ከ4,000 በላይ ቁርጥራጭ፣ ሲመዘን 40 ኪሎ። 40 ኪሎ! ያለ ግዢ ኮሚቴ።

ከዚያ ወዲያ ሥልጣኑ ወደ እማማ ተዛወረ። ኮሚቴው በይፋ አልፈረሰም፤ ወንፊት ያዥ ሆነ። ሰብሳቢው ቀይ አፈር ነፉ፤ እኔ ከሰል ወቀጥኩ፤ አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በአራት ብርጭቆ ውኃ በጥብጠን እሳት ላይ እያማሰልን ሙጫ ሠራን፤ ለቢጫው እርድ ጨመርን። ለነጭ ብዬ ኖራ ገዝቼ ስመጣ እማማ ፌስታሉን ከእጄ ቀምተው «ዓይናቸውን ልታቃጥል ነው?» ብለው ከግቢ አስወጡት። ነጩን አፈር ራሳቸው ከሰፈራቸው ሰው ልከው አስመጡ፤ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚልም። ሰማያዊ ግን ከአፈር አልወጣም፤ የሱቁም ያለ ሦስት ፕሮፎርማ አይገዛም። ሰማይን በምን እንቀባለን የሚል ክርክር ተነሣ፤ አጀንዳ ልይዘው ስል ቲቸር እስክሪብቶዬን ወሰደችብኝ።

ቅዳሜ ሆነ። የገበያ ቀን ስለሆነ በአጥሩ ማዶ ፍየሉም ሙዙም ባጃጁም አንድ ላይ ይተራመሳል። 38 ልጆች፣ 12 ብሩሽ። ሒሳብ የማይችል ኮሚቴ እንዳለ እዚህ ላይ ይታወቃል። የሃይላንድ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ቆርጠን ቀለሙን ሞላን፤ የፍሊፕቻርት ወረቀት ሰሌን ላይ ዘረጋን፤ ሰብሳቢው የአምስት ገጽ መክፈቻ ንግግራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንዷ ኬጂ አንድ «ሽንቴ መጣ» አለች፤ የሥነ ሥርዓቱ መክፈቻም መዝጊያም እሱ ሆነ።

እማማ ምንም አላሉም። ወደ ጥበቃው ጭቃ ቤት ሄዱና መዳፋቸውን ነጩ ውስጥ ነክረው ግድግዳውን አበሱ። ከዚያ ሦስት ጣታቸውን ቀዩ ውስጥ አስገብተው፣ ክንዳቸውን ከትከሻ ጀምሮ እያወዛወዙ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ሳቡት። ሦስት መስመር እንደ እባብ እየተጣጠፈ ሄደ፤ አንዱ ሌላውን አልነካም። እጃቸውን ሲያነሡ ከጣታቸው ጫፍ አንዲት ጠብታ ወርዳ አፈሩ ላይ ቀረች። 38 ልጅ ዝም አለ። እኔ ልጄን በአራት ዓመት አባትነት ዝም ብላ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ብሩሹን ማንም አልነካውም።

አንዷ ሰማዩን ቀይ አደረገችው። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው «የእኔ ልጅ፣ ሰማይ ቀይ ነው እንዴ?» አሏት። «አቧራ ተነሥቷል» አለች፤ የሰማያዊው ክርክር በዚሁ ተዘጋ። ወረቀቱ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ልጅ ነጩ ውስጥ የነከረውን ጣት ክንዱ ላይ ሞከረው። አንድ ነጥብ። አየው። ሁለተኛ ደገመ። ካሮዎች ገላቸውን እንደዚህ ነቁጠው ጅግራ እንደሚመስሉ ማን ነግሮት እንደሆነ እንጃ፤ ክንዱን ጨርሶ ወደ ሆዱ ሲሻገር «ጅግራ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግቢው ጅግራ በጅግራ ሆነ። ነብርም ነበረ። አንዱ ባጃጅ ነኝ አለ፤ በቢጫ እርድ ተቀብቶ ጡሩምባውን በአፉ እየነፋ የሚዞር እውነተኛ ባጃጅ። ገንዘብ ያዡ ሸሚዛቸውን ለማዳን ሲሸሹ ከኋላ አራት ትንንሽ ቀይ መዳፎች ደረሱባቸው።

በዚህ መሐል ጭነት በጣሪያዋ የተሸከመች ላንድክሩዘር በራፉ ላይ ቆመች። አስጎብኚው ወርዶ በትሕትና ቀረበኝ። እኔ ግማሽ ፊቴ ከሰል ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንግዶቼ ይሄ የየትኛው ብሔረሰብ ሥርዓት እንደሆነ እየጠየቁኝ ነው፤ እኔም እውነቱን ለመናገር አይቼው አላውቅም።»

«የኬጂ ሁለት» አልኩት።

ዞር ብሎ ነገራቸው። አንዲት አዛውንት ቱሪስት ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው እየደጋገሙ እያስጠሩት ጻፉት። ደቡብ ኦሞ 16 ብሔረሰቦች አሉት ሲባል ነው ያደግነው፤ አንድ ቀን አንድ የውጭ መጽሐፍ ውስጥ ኬጂሁለት የሚባል 17ኛ ብታገኙ፣ ልማዳቸው ወገባቸው ላይ የተቆረጠ ሃይላንድ መያዝ ነው ቢላችሁ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባጃጁ ልጅ ወደ በሩ ሮጦ «ፎቶ አሥር ብር!» ሲል ቲቸር እስከ ክርኗ ቀይ ሆና በሩ መሐል ቆመች፤ ልጆቹን ማንሣት አይቻልም አለች። እንግዶቹ ይቅርታ ጠይቀው ካሜራቸውን መለሱ። አዛውንቷ ግን «ለቀለም» ብለው 500 ብር እጄ ላይ አኖሩና ሄዱ።

ችግሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሰኞ ለግምገማ ተቀመጥን። ገንዘብ ያዡ (ሸሚዛቸው ላይ መዳፎቹ እስካሁን አሉ፤ ቀይ አፈር እንደ ዘመድ ነው፣ አንዴ ከገባ አይወጣም) መዝገቡን ከፈቱ።

«ለቀለም የተፈቀደው በጀት አልተነካም።»

«አዎን» አልን በኩራት።

«ቀለም ግን ጥቅም ላይ ውሏል።»

«አዎን።»

«የገቢ ሰነድ የት አለ? አፈሩ ደረሰኝ አለው?»

አልነበረውም። 500 ብሩም ደረሰኝ አልተቆረጠለትም፤ ስለዚህ ከአገር ውስጥ የተገኘ ያልተገዛ ቀለምና ከውጭ የመጣ ያልተጠየቀ ገንዘብ አንድ ላይ ይዘን ተገኘን። እማማ ፈርመው ያስረክቡ ተባለ። የአፈሩ ነጠላ ዋጋ ይገመት ተባለ፤ በኪሎ ይሁን በቁና አልተስማማንም። ቃለ ጉባኤው ላይ «ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ።

ቤት ስገባ ልጄ የሥዕል ቀኑን ወረቀቷን ይዛ ጠበቀችኝ። ሰባት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ወደ ጎን ዞረው፣ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን። ሆዴ ቡጭ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ከሃዲውን በጎን በአንድ ዓይን እንደሚስሉት ለልጄ የነገራት ሰው የለም። የጥበቃውን ውሻ ከጥግ ስላዋለች፤ ሁለቱም ዓይኖቹ አሉ፣ በአንድ በኩል ቢሆኑም።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አልኳት፣ ወረቀት የያዘውን እያሳየኋት።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሌላው ዓይኔስ?»

«በዚያኛው በኩል ነው» አለች፣ ይሄንን እንኳ አታውቅም በሚል ድምፅ።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ከጀርባው ሰባት ቀይ ነጥቦች ተደርድረዋል።